የኢትዮ ቴሌኮም 10 በመቶ ለገበያ ቀርቦ ለምን 1 በመቶ ገደማ ብቻ ተሸጠ? ወደ ግል ስለሚዛወሩ የመንግሥት ድርጅቶች

ሰነድ አንባቢ፦

የኢትዮ ቴሌኮም የአክሲዮን ሽያጭ በተነሳ ቁጥር ግማሹ «ሕዝቡ ፊቱን አዞረበት» ይላል፣ ግማሹ ደግሞ «ሕዝቡ አክሲዮን ምን እንደሆነ አያውቅም» ይላል። ቁጥሩን ቁጭ ብሎ ላሰላ ሰው ግን ችግሩ ከገዢው ይልቅ በሽያጩ አነዳደፍ ላይ ነበር። እስቲ አብረን እናስላው።

ሽያጩ ጥቅምት 6 ቀን 2017 ዓ.ም. በቴሌብር ተጀመረ። የቀረበው 100 ሚሊዮን አክሲዮን ነው፤ የአንዱ ዋጋ 300 ብር፣ ድምሩ 30 ቢሊዮን ብር። አንድ ሰው ቢያንስ 33 አክሲዮን (9,900 ብር)፣ ቢበዛ 3,333 አክሲዮን (999,900 ብር) መግዛት ይችል ነበር። ታኅሣሥ 25 ሊዘጋ የነበረው ቀን እስከ የካቲት 7 ተራዘመ። በመጨረሻ 47,377 ሰዎች 10.7 ሚሊዮን አክሲዮን ገዙ፤ 3.2 ቢሊዮን ብር ተሰበሰበ።

ስናካፍለው ለአንድ ገዢ በአማካይ 226 አክሲዮን ወይም 67,500 ብር ገደማ ይደርሰዋል። በዚህ አማካይ 100 ሚሊዮኑን ለመጨረስ ከ442,000 በላይ ገዢ ያስፈልግ ነበር። ሁሉም ገዢ እስከ ጣሪያው ቢገዛ እንኳ እያንዳንዳቸው 1 ሚሊዮን ብር የያዙ ከ30,000 በላይ ሰዎች መገኘት ነበረባቸው። 1 ሚሊዮን ብር የማይሞላ ጣሪያ ለኢንሹራንስ ኩባንያ ወይም ለጡረታ ፈንድ ትርጉም የለውም። ስለዚህ 30 ቢሊዮን ብር ሙሉ በሙሉ ከቤተሰብ ቁጠባ እንዲመጣ ነው የተነደፈው። ድርሻው በብዙ ሰው እጅ እንዲበተን መፈለጉ መልካም ነው፤ ግን መጠኑና ጣሪያው አይመጣጠኑም።

የስኳሩን፣ የቢራውንና የሠራተኛውን ጉዳይ የምታውቁ ጨምሩበት። ወደ ግል ማዛወር ሲባል ቴሌ ብቻ አይደለም።

የሒሳብ መዝገብ፦

ስሌቱ ልክ ነው፣ ዋጋው ግን መዘለል የለበትም። አንዱ አክሲዮን 300 ብር ከሆነ፣ 1 ቢሊዮን አክሲዮን ያለው ድርጅት 300 ቢሊዮን ብር ተገምቷል ማለት ነው። ገዢው በዓመት 10 በመቶ የትርፍ ድርሻ ብቻ ይድረሰኝ ቢል በአንድ አክሲዮን 30 ብር፣ በጠቅላላው 30 ቢሊዮን ብር መከፋፈል አለበት። የድርጅቱ የ2016 በጀት ዓመት ጠቅላላ ገቢ 93.7 ቢሊዮን ብር ነበር። 30 ቢሊዮኑ እንግዲህ የገቢው አንድ ሦስተኛ ሊሆን ነው፤ የትርፉ አላልኩም፣ የገቢው። በየዓመቱ ማማ የሚተክልና ፋይበር የሚዘረጋ ድርጅት ይህን ያህል ሊያከፋፍል አይችልም። ብሔራዊ ባንክ የፖሊሲ ወለዱን 15 በመቶ ባደረገበት ዓመት ከ10 በመቶ በታች የሚያስገኝ ወረቀት እንዲገዛ የተጠየቀ ቆጣቢ ቢያመነታ አያስገርምም።

ሁለተኛው ነጥብ የውጭ ምንዛሪ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በጥቂት ወራት ከ120 ብር አለፈ። ገቢው በብር፣ የመሣሪያ ግዢ ዕዳው በዶላር የሆነ ድርጅት አንድ ሳንቲም ሳይበደር ዕዳው እጥፍ ይሆናል። የማንኛውንም የመንግሥት ድርጅት ሒሳብ ስታነቡ መጀመሪያ ሁለት መስመር ፈልጉ፦ «የውጭ ምንዛሪ ልዩነት ኪሳራ» የሚለውንና ለውጭ አቅራቢዎች የሚከፈለውን የረጅም ጊዜ ዕዳ። ከዚያ ማብራሪያው ውስጥ ዕዳው በየትኛው ገንዘብ እንደተያዘና የመክፈያ ጊዜውን እዩ። ትርፉ ከዚያ በኋላ ይታያል።

ገበያ ተከታታይ፦

የሒሳብ መዝገብ ወንድሜ፣ አክሲዮን በትርፍ ድርሻ ብቻ አይለካም። የቴሌኮም አክሲዮን የሚገዛው ድርጅቱ ያድጋል፣ ዋጋው ይጨምራል፣ ያኔ እሸጠዋለሁ ተብሎ ነው። ግን «እሸጠዋለሁ» ለማለት መሸጫ ገበያ ያስፈልጋል። ቀኖቹን አስተያዩ፦ ሽያጩ በመጀመሪያው ዕቅድ የሚዘጋው ታኅሣሥ 25 ነበር፤ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ የተመረቀው ጥር 2 ነው። ገበያው የተከፈተው ሽያጩ ሊዘጋ ከታቀደበት ቀን ሰባት ቀን ዘግይቶ ነው ማለት ነው። ገዢው መውጫውን ሳያይ እንዲገባ ነው የተጠየቀው።

ቅደም ተከተሉ የተገላቢጦሽ መሆን ነበረበት። መጀመሪያ ገበያው ይከፈታል፣ ጥቂት ባንኮች ይመዘገባሉ፣ ሰው ሲገዛና ሲሸጥ ይታያል፣ ከዚያ ትልቁ ድርጅት ይመጣል።

ኬንያን አንርሳ። እ.ኤ.አ. በ2008 የኬንያ መንግሥት የሳፋሪኮምን 25 በመቶ ሲሸጥ 10 ቢሊዮን አክሲዮን በ5 ሽልንግ አቀረበ፤ ፍላጎቱ ከቀረበው ከአራት እጥፍ በላይ ሆነ። የናይሮቢ ገበያ ያኔ አሥርት ዓመታት የሠራ ነበር። ግን የዚህን ሽያጭ ሌላኛውን ገጽታም ማንሳት ይገባል፦ ዋጋው ከወራት በኋላ ከ5 ሽልንግ በታች ወርዶ ለዓመታት እዚያው ቆየ። ተበድሮ የገዛ ሰው ወለዱን ከኪሱ ከፈለ። ሽያጩ «ሞላ» ማለት ገዢው አተረፈ ማለት አይደለም።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦

አንድ ነገር ልጨምር። የመጀመሪያው ዙር ለኢትዮጵያ ዜጎች ብቻ ነበር። ትውልደ ኢትዮጵያዊ ሆኖ የሌላ አገር ዜግነት የያዘ ሰው አልተፈቀደለትም። በባንክና በኢንሹራንስ ዘርፍ ግን እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ትውልደ ኢትዮጵያውያን አክሲዮን እንዲገዙ ሕግ ወጥቷል። የውጭ ምንዛሪ እየተፈለገ፣ ዶላር ይዞ የሚመጣውን ገዢ ከበር መመለስ ለምን እንዳስፈለገ የሚያስረዳ አለ?

የፈቃድና ታሪፍ ጉዳይ፦

ከሲልቨር ስፕሪንግ ላቀረቡት ጥያቄ፦ መንግሥት በቴሌኮም ዘርፍ ዶላሩን በሌላ መንገድ ነው ያገኘው፤ ድርሻ በመሸጥ ሳይሆን ፈቃድ በመሸጥ። በግንቦት 2013 በሳፋሪኮም የሚመራው ጥምረት ለአንድ የአገልግሎት ፈቃድ 850 ሚሊዮን ዶላር ከፈለ። ኤምቲኤን 600 ሚሊዮን አቅርቦ ነበር፣ አነስተኛ ነው ተብሎ ውድቅ ሆነ፤ ሁለተኛው ፈቃድ ሳይሸጥ ቀረ።

እዚህ ላይ ለሌሎች ሽያጮችም የሚሆን ትምህርት አለ። የጨረታው ውል ሲወጣ ሞባይል ገንዘብ ለውጭ ኩባንያ ዝግ ነበር፤ ራሳቸውን የቻሉ የማማ ኩባንያዎችም እንዲገቡ አልተፈቀደም። ተጫራቹ እነዚህን ሁለት ነገሮች ከገቢ ግምቱ አውጥቶ ነው ዋጋ የሰጠው። በኋላ ሕጉ ተሻሽሎ ሳፋሪኮም የሞባይል ገንዘብ ፈቃዱን ለብቻው በ150 ሚሊዮን ዶላር ገዛ፣ ኤምፔሳም በነሐሴ 2015 ሥራ ጀመረ። ቴሌብር ደግሞ በግንቦት 2013 ስለጀመረ ከሁለት ዓመት በላይ ብቻውን ሮጧል። ለተጫራች የሚዘጋ እያንዳንዱ በር ከመነሻ ዋጋው ላይ ይቀነሳል፤ ዘግቶ ሸጦ በኋላ መክፈት ለመንግሥትም ለገዢውም የሚያዋጣ አይደለም።

ለተጠቃሚው ያለው ውጤት ሲነሳ አንድ የሚዘነጋ ነገር አለ። ኢትዮ ቴሌኮም ከ40 በመቶ በላይ የሆነውን ትልቁን የታሪፍ ቅናሽ ያደረገው በነሐሴ 2010 ነው፤ ተወዳዳሪው አገልግሎት የጀመረው በ2015 መጀመሪያ ነው። ቅናሹ ሲደረግ አንድም አክሲዮን አልተሸጠም፣ አንድም ፈቃድ አልተሰጠም። ዋጋ የቀነሰው ባለቤትነት ስለተለወጠ ሳይሆን ውድድር እንደሚመጣ ስለታወቀ ነው። ባለቤትን መለወጥና ገበያን መክፈት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። መደባለቃቸው ብዙ ክርክር ያበላሻል።

ቢራ ገብስ፦

ይህንኑ ሐሳብ በትምባሆ ማየት ይቻላል። የጃፓኑ የትምባሆ ኩባንያ ጄቲአይ የብሔራዊ ትምባሆ ድርጅትን 40 በመቶ እ.ኤ.አ. በ2016 በ510 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻ 30.95 በመቶ በ434 ሚሊዮን ጨመረ፤ ድርሻው 70.95 በመቶ ሆነ። በመቶኛ ነጥብ አስሉት፦ መጀመሪያ 12.75 ሚሊዮን፣ ሁለተኛው 14 ሚሊዮን ዶላር ገደማ። ሁለተኛው ክፍል ከግማሽ በላይ ስላሻገረው ከድርሻው ጋር የመወሰን ሥልጣንንም ገዝቷል። ለዚህ ተጨማሪ ዋጋ መጠየቅ ተገቢ ነው። ገንዘቡ ትልቅ የሆነው ግን ድርጅቱ በገበያው ብቸኛ ስለነበር ጭምር ነው። መንግሥት ሞኖፖሊ ሲሸጥ ዛሬ የሚያገኘው ከፍተኛ ዋጋ ነገ ከተጠቃሚው ኪስ የሚመለስ ነው።

ቢራው የተለየ መንገድ ሄደ። ቅዱስ ጊዮርጊስ እ.ኤ.አ. በ1998 ለቢጂአይ በ10 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። ሄኒከን እ.ኤ.አ. በ2011 በደሌንና ሐረርን በ163 ሚሊዮን ዶላር ወሰደ፤ ዲያጆ ቀጥሎ ሜታን በ225 ሚሊዮን። የፋብሪካዎቹ መጠንና ዘመን ስለሚለያይ ዋጋዎቹን በቀጥታ ማነጻጸር ተገቢ አይደለም፤ ግን ገበያው ካደገና ተጫራች ከበዛ በኋላ የሚሸጥ ምን ያህል እንደሚያወጣ ያሳያል። ከሽያጩ በኋላ ሄኒከን ቂሊንጦ ላይ አዲስ ፋብሪካ ሠራ፤ ፋብሪካዎቹ የቢራ ገብስ ከገበሬው በውል መግዛት ጀመሩ፣ የዘርና የማዳበሪያ አቅርቦት ተያይዞ መጣ። በእኔ ዕይታ የቢራው ሽያጭ ትልቁ ጥቅም ግምጃ ቤት የገባው ገንዘብ ሳይሆን ይህ የገብስ ሰንሰለት ነው።

ከዚያ እ.ኤ.አ. በ2022 ዲያጆ ሜታን ለቢጂአይ ሸጦ ወጣ። መንግሥት ለየብቻ የሸጣቸው ቅዱስ ጊዮርጊስና ሜታ በአንድ እጅ ገቡ። የሽያጭ ውል ሲረቀቅ ገዢው በተራው ለማን መሸጥ እንደሚችልና ለተወዳዳሪ ከሆነ የማን ፈቃድ እንደሚያስፈልግ የሚገልጽ አንቀጽ ከሌለበት ውድድሩ በሁለተኛው ሽያጭ ይጠፋል።

የአገዳ ሰው፦

ወደ ስኳር ልምጣ፤ «ለምን አይሸጥም?» የሚለው ጥያቄ በተደጋጋሚ ይነሳል። በ2014 መጨረሻ መንግሥት ስምንት ፋብሪካዎችን ለገዢ አቅርቧል፦ ኦሞ ኩራዝ 1፣ 2፣ 3 እና 5፣ አርጆ ደዴሳ፣ ከሰም፣ ጣና በለስ፣ ተንዳሆ።

የስኳር ፋብሪካ ገዢ የሚገዛው ብረት አይደለም፣ ማሳ ነው። በቀን 12,000 ቶን አገዳ የሚፈጭ ፋብሪካ በዓመት 200 ቀን ቢሠራ 2.4 ሚሊዮን ቶን አገዳ ይፈልጋል። በሄክታር 120 ቶን ቢገኝ እንኳ በየዓመቱ 20,000 ሄክታር መታጨድ አለበት። አገዳው ለመድረስ ከዓመት በላይ ስለሚፈጅ የተተከለው መሬት ከዚህም መብለጥ ይኖርበታል። ከአገዳው አሥር በመቶ ስኳር ቢወጣ 240,000 ቶን ይሆናል። ማሳው ግማሽ ከሆነ ግን ስኳሩ ብቻ አይደለም ግማሽ የሚሆነው፤ ቋሚ ወጪው፣ የቦይለሩ ነዳጅ፣ የሠራተኛው ደመወዝ እንዳለ ይቀራል። ወፍጮው አገዳ በመጠበቅ በቆመ ቁጥር እንደገና ለማሞቅ ሌላ ነዳጅ ይበላል።

ጊዜውም አይጠብቅም። የታጨደ አገዳ በ24 ሰዓት ውስጥ ቢፈጭ ይመረጣል፤ ከ48 ሰዓት በላይ ከቆየ ስኳሩ መፍረስ ይጀምራል፣ ጭማቂው አሲድ ይሆናል፣ ከማብሰያው የሚወጣው ምርት ይቀንሳል። ያልታጨደ አገዳም ዕድሜ አለው። ጣና በለስ ላይ የፋብሪካው ግንባታ ሲጓተት የተተከለው አገዳ አርጅቶ ተወግዷል። አንዴ የተተከለ አገዳ ከተቆረጠ በኋላ እንደገና ያቆጠቁጣል፤ ግን በየቆረጣው ምርቱ ስለሚቀንስ ከተወሰኑ ዙሮች በኋላ ተነቅሎ አዲስ ይተከላል። ሳይነቀል የዘገየ ማሳ በወረቀት ላይ «የተተከለ» ይባላል፣ ምርቱ ግን ሌላ ነው።

ስለዚህ ገዢ የሚጠይቀው የሒሳብ ሚዛን ብቻ አይደለም። የእያንዳንዱን ማሳ የአገዳ ዝርያና ስንተኛ ቆረጣ እንደሆነ የሚያሳይ ካርታ፣ የፓምፖችንና የቦዮችን ይዞታ፣ ወፍጮው በየወሩ ስንት ሰዓት እንደቆመና በምን ምክንያት፣ ከውጭ የሚገባ መለዋወጫ ስንት ወር እንደሚፈጅ፣ የውኃ አጠቃቀም ፈቃዱን ይጠይቃል። በኦሞና በአፋር ደግሞ የአካባቢው አርብቶ አደር የግጦሽና የካሳ ጥያቄ ተፈትቶ እንደሆነ። መጨረሻ ላይ የጠቀስኩት ሳይፈታ የሚሸጥ ማሳ የሚገዛው ሰው ችግሩንም አብሮ ይገዛል፤ ዋጋውን በዚያው ልክ ዝቅ ያደርጋል። ቅድሚያ ለሕዝቡ ፍትሕ መሥራት ለሽያጩም ይበጃል።

የአካባቢ ጉዳይ ሲነሳ ለገደምቢም ይታወስ። የወርቅ ማዕድኑ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ለሚድሮክ በ172 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ፤ በ2010 በጉጂ በብክለት የተነሳ ከተቀሰቀሰው ተቃውሞ በኋላ ፈቃዱ ታገደ። ከርክክብ በፊት የአፈርና የውኃ ናሙና ተወስዶ ካልተመዘገበ፣ ከሃያ ዓመት በኋላ የትኛው ብክለት የማን እንደሆነ መለየት አይቻልም።

የሒሳብ መዝገብ፦

የአገዳ ሰው ያነሳው ላይ የዕዳውን ነገር ልጨምር። ስኳሩ፣ ባቡሩና ሌሎችም የተገነቡበት ብድር ትልቁ ክፍል ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ነው። በ2013 የዕዳና ሀብት አስተዳደር ኮርፖሬሽን ተቋቁሞ የበርካታ ድርጅቶችን ዕዳ ተረከበ። ድርጅቱ ቀለል ብሎ ለሽያጭ ይቀርባል፤ ዕዳው ግን አልጠፋም፣ መዝገብ ቀየረ እንጂ። በ2017 ፓርላማው ለንግድ ባንክ ወደ 900 ቢሊዮን ብር የሚጠጋ የመንግሥት ቦንድ ሲያጸድቅ ዕዳው የት እንደደረሰ በግልጽ ታየ፦ ግብር ከፋዩ ጋ።

ስለዚህ «ፋብሪካው በይህን ያህል ተሸጠ» የሚል ዜና ሲወጣ ሦስት ጥያቄ አቅርቡ። ዕዳው አብሮ ሄደ ወይስ ቀረ? ክፍያው በአንድ ጊዜ ነው ወይስ በረጅም ጊዜ? መሬቱስ? መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ ገዢው የሚያገኘው የመጠቀም መብት ነው፤ የሊዝ ዘመኑና ኪራዩ ከዋጋው ጋር ካልተነገረ ዋጋው ምንም አይናገርም።

ገበያ ተከታታይ፦

በዚሁ መንፈስ፣ ለአነስተኛ ገዢ፣ የአክሲዮን ሽያጩን ዝርዝር በያዘው ሰነድ («ደንበኛ ሳቢ መግለጫ») ውስጥ መጀመሪያ የሚነበበው «የሽያጩ ገንዘብ አጠቃቀም» የሚለው ክፍል ነው። የሚሸጠው መንግሥት የያዘው ነባር አክሲዮን ከሆነ ገንዘቡ ለሻጩ ይሄዳል፣ ድርጅቱ አንድ ማማ አይጨምርበትም። አዲስ አክሲዮን ከሆነ ገንዘቡ ድርጅቱ ካዝና ይገባል፤ የነባሮቹ ድርሻ ግን ይሳሳል። ቀጥሎ የትርፍ ድርሻ ፖሊሲው፦ ከተጣራ ትርፍ ስንት በመቶ እንደሚከፋፈል በቁጥር ካልተጻፈ፣ 99 በመቶ ገደማ የያዘው ባለድርሻ በጠቅላላ ጉባኤ ላይ «ትርፉ ለማስፋፊያ ይዋል» ብሎ ሊወስን ይችላል። 226 አክሲዮን የያዘ ሰው ድምፁ ይህን አያስቀይርም። መከላከያው በካፒታል ገበያ ባለሥልጣን የሚጣለው መረጃን የመግለጽ ግዴታ ነው፤ በጊዜው ካልተከበረ ለባለሥልጣኑ አቤት ማለት የባለአክሲዮን መብት ነው።

መለዋወጫ ክፍል፦

ጥሩ ክር ነው። ስለ ሠራተኛው ማንም አላነሳም። ድርጅቱ ሲሸጥ የሥራ ውሉ ይቋረጣል? የስንብት ክፍያስ እንዴት ይሰላል?

የሠራተኛ ጉዳይ፦

በባለቤትነት መተላለፍ ምክንያት ብቻ የሥራ ውል አይቋረጥም፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ይህን በግልጽ ይላል። አዲሱ ባለቤት «ውላችሁ ከድሮው ድርጅት ጋር ነበር፣ እንደ አዲስ እንፈራረም» ቢል የቀድሞው አገልግሎት ዘመን በጽሑፍ ካልተያዘ መፈረም አይገባም። በብዙ ቦታ አገልግሎት የሚጠፋው በዚህ ፊርማ ነው።

ቅነሳ ከመጣ ከሠራተኛ ማኅበሩ ወይም ከሠራተኞች ተወካዮች ጋር ምክክር ያስፈልጋል፤ የሥራ ችሎታና ከፍተኛ የምርት ውጤት ያለው ቅድሚያ ይቆያል። ስሌቱ እንዲህ ነው። ወርሃዊ ደመወዝ 12,000 ብር፣ አገልግሎት 12 ዓመት እንበል። ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ 12,000። ለቀሩት 11 ዓመታት በየዓመቱ የዚያ አንድ ሦስተኛ፣ 4,000 በ11፣ 44,000። ውሉ የተቋረጠው በቅነሳ ወይም ድርጅቱ ለዘለቄታው በመዘጋቱ ከሆነ የ60 ቀን ደመወዝ ይጨመራል፣ 24,000። ድምሩ 80,000 ብር። የስንብት ክፍያው ከ12 ወር ደመወዝ አይበልጥም። ያልተወሰደ የዓመት ዕረፍት በገንዘብ ተለውጦ ለብቻው ይከፈላል።

ክፍያው ውሉ ከተቋረጠ በሰባት የሥራ ቀናት ውስጥ መፈጸም አለበት። አልከፍልም ከተባለ ቀኑን ቁጠሩ፦ ወደ ሥራ የመመለስ ክስ በሦስት ወር፣ ውል በመቋረጡ የሚጠየቅ ክፍያ በስድስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። «ከአዲሱ አስተዳደር ጋር እየተነጋገርን ነው» እየተባለ ብዙ ሰው ይህ ጊዜ ያልፍበታል፤ ንግግሩ ይርጋውን አያቆመውም፣ ስለዚህ ክሱን አስገብቶ መነጋገር ይሻላል።

መለዋወጫ ክፍል፦

አመሰግናለሁ። ጡረታውስ?

የሠራተኛ ጉዳይ፦

መዋጮው አይለወጥም፦ ከሠራተኛው 7፣ ከአሠሪው 11 በመቶ። የሚለወጠው መዝገቡ ነው፤ የልማት ድርጅት ሠራተኛ ከመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ ወደ የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ ይሻገራል፣ አገልግሎቱም ይያያዛል። አስቸጋሪው የቀድሞው አሠሪ ማኅደር ከርክክቡ በኋላ አለመገኘቱ ነው። የሰው ኃይል ክፍሉ ሳይበተን የቅጥር ደብዳቤ፣ የደረጃ ዕድገትና የደመወዝ ጭማሪ ደብዳቤዎች፣ የጡረታ መለያ ቁጥርና የአገልግሎት ማስረጃ ማኅተም ያለበት ቅጂ አውጡ። ስም ወይም የልደት ቀን በሁለት ሰነድ ላይ ተለያይቶ ከተገኘ አሁኑኑ አስተካክሉት፤ የሚያስተካክለው አሠሪ ከሌለ በኋላ ፍርድ ቤት መሄድ ይመጣል።

የሚረዳ ከሆነ የማኅደር ማረጋገጫ ቅጹን ምን ምን እንደሚይዝ ዘርዝሬ ነገ እዚሁ እለጥፋለሁ።